ጥርስ ለጌጥ ብቻ አይደለም፦ ጥርስ ሳያበቅሉ ስለሚያድጉ ልጆቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቁጠባና ብድር፣ ስለ በግና ፍየል ማድለብ፣ ስለ ንብ ቀፎና ስለ ውኃ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጥርስ እንድንናገር ታዘናል። «ጥርስ ደግሞ ምን ጉዳይ ሆኖ ነው ጉባኤ የሚቀርበው?» የምትል እህት ብትኖር አንፈርድባትም። በአገራችን ጥርስ ሲታመም ይነቀላል፤ ሲነቀል ይረሳል። የምናነሣው ግን ታሞ ስለሚነቀል ጥርስ አይደለም። ከመጀመሪያውም ስላልበቀለ ጥርስ ነው። ይህ ነገር ከአባሎቻችን ቤት ገብቷል፤ ልጅ ያስርባል፣ ከትምህርት ቤት ያስቀራል፣ እናትንም ከጎረቤቷ ያቆራርጣል። ስለዚህ የማኅበራችን ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለየው። የልጅ ጥርስ የሚጎድለው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት ሁላችን የምናውቀው ነው፤ በልቶት ይነቀላል፣ ወይም ልጁ ወድቆ ይሰበራል።

ሁለተኛው በእጃችን የምናመጣው ነው፤ እሱም ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ይባልና ድዱ በስለት ወይም በጋለ ብረት ይወጋል። ነጭ ነገር ይወጣል፤ «ይኸው ትሉ» ተብሎ ለእናት ይታያል። የወጣው ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ከአገራችን ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ የብዙዎቹ ልጆች የወተት ክራንቻ አልነበረም፣ በአጠገቡ ያሉት ጥርሶችም ተጎድተው ተገኝተዋል። ቁስሉ መርቅዞ ሕፃን የሚሞትበት ጊዜም አለ። ተቅማጡን የሚያድነው ስለት አይደለም፤ የጡት ወተት፣ ኦ.አር.ኤስ.ና ጤና ጣቢያ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የዛሬው ጉዳያችን ነው። ይህ በዘር የሚተላለፍ፣ ልጁ በማኅፀን ሳለ የሚወሰን ነው። ሰው 20 የወተት ጥርስና 32 ቋሚ ጥርስ እንዲኖረው ተደርጎ ይፈጠራል። የወተት ጥርሶቹ ቡቃያ መሠራት የሚጀምረው እናቲቱ ገና በሁለተኛው ወር እርግዝናዋ ላይ ሳለች ነው። ለዚህ ሥራ ትእዛዝ የሚሰጡ ዘረ መሎች አሉ። ከእነሱ አንዱ ሲበላሽ ቡቃያው ሳይሠራ ይቀራል። ዘግይቶ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ወይም ሌላ አንድ ሁለት ጥርስ የጎደለው ሰው በየአገሩ ብዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ራሱ አያውቀውም። ስድስትና ከዚያ በላይ ቋሚ ጥርስ ሲጎድል ግን ሐኪሞች ከባድ ይሉታል። አንዳንዱ ልጅ ጭራሹን ያለ ጥርስ ያድጋል።

ከእነዚህ ልጆች ከፊሎቹ ጥርስ ብቻ አይደለም የሚጎድላቸው። ፀጉራቸው ስስ ነው፣ ቅንድባቸው የሳሳ ነው፣ ቆዳቸው ይደርቃል፣ ላብ አያልባቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ያሉት ጥቂት ጥርሶችም እንደ ሾህ የሾሉ ናቸው። ይህን ሐኪሞች ኤክቶደርማል ዲስፕሌዥያ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ጥርስ፣ ፀጉር፣ ጥፍርና የላብ ዕጢ በማኅፀን ውስጥ ከአንድ ሽፋን የሚወጡ ናቸው። ሽፋኑ ላይ እክል ሲደርስ ሁሉም አብረው ይጎዳሉ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው በሲንድ ይኖር ስለነበረ የሂንዱ ቤተሰብ ጽፏል። በአራት ትውልድ ውስጥ አሥር ወንዶች ጥቂት ጥርስ ብቻ ነበራቸው፤ ሰውነታቸው ፀጉር አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ በበጋ ሙቀትም ቆዳቸው እየደረቀ ይሠቃዩ ነበር። ሴቶቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ወንዶች ልጆቻቸው ግን እንደ አጎቶቻቸው ሆነው ይወለዱ ነበር። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የተላለፈበት አንድም ጊዜ አልታየም።

ምክንያቱ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የተበላሸው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1996 ተገኘ፤ ቦታውም ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይደግፋታል። ወንድ ግን ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ዘረ መል የምትሸከም እናት በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣ ይወጣላታል። ወንድ ከሆነ ከሁለት አንድ ዕድል ሕመሙ ይይዘዋል፤ ሴት ከሆነች ከሁለት አንድ ዕድል እንደ እናቷ ተሸካሚ ትሆናለች። ተሸካሚዋ እናት ራሷ አንድ ሁለት ጥርስ የጎደላት ወይም ትንሽና ሾጣጣ ጥርስ ያላት ልትሆን ትችላለች። ያመመው ወንድ አድጎ ሲወልድ ደግሞ ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ ወንዶቹ ግን ነፃ ናቸው።

እዚህ ላይ እናቶቻችን ጆሯችሁን ስጡን። ይህን ያህል ያብራራነው በአንድ ምክንያት ነው። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ስሟን አንጠራም፣ ጥርሱ ሁለት ብቻ የሆነ ወንድ ልጅ አላት። ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት ጥርስ ሳያበቅል ሲቀር አንዱ «ቡዳ በልቶታል»፣ አንዱ «እርግማን ነው»፣ አንዱ «በእርግዝናዋ ያልሆነ ነገር በልታ ነው» አላት። የባሏ ዘመዶች «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ። ለልጁም «ወላቃ» የሚል ስም ወጣለት። እሷ ጸበል ወሰደችው፣ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰደችው፣ ከሰው መቀላቀል ተወች፤ የሳምንት ቁጠባችን ላይም መምጣት አቆመች። እኛም ነገሩን ያወቅነው ከቤቷ ሄደን ስንጠይቃት ነው።

ዘመዶቹ «በእኛ ዘር የለም» ማለታቸው ልክ ሊሆን ይችላል። በእናት በኩል ይተላለፋል ማለት ግን እናት አጠፋች ማለት አይደለም። የልጇን ቁመት፣ የልጇን የፊት መልክ መርጣ የሰጠች እናት የለችም። ይህንንም መርጣ አልሰጠችም። የበላችው፣ የጠጣችው፣ የሄደችበት መንገድ፣ ያየችው ሰው አያመጣውም። አንዳንዴ ዘረ መሉ በዚያው ልጅ ላይ አዲስ ተበላሽቶ ከየትኛውም ዘር ሳይመጣም ይገኛል። ባልም አማትም ይህን ይስሙ።

ሌላም አለ። በአገራችን ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ደግ ልማድ ነው። ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረ መል ሲገናኝ ብቻ የሚመጡ ሕመሞች አሉ፤ ጥርስ የሚያስቀር ዓይነትም አለባቸው። ዘመዳሞች ባለመጋባታቸው ይህ ይቀንሳል። በኤክስ ላይ የሚመጣውን ግን ሰባት ቤት መቁጠር አያስቀረውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «ዘመድ አግብታ ነው» ብሎ ማማት ደግሞ ሌላ በደል ነው።

አሁን ከጥርስ በፊት ስለሚቀድም ነገር እንናገር፤ ሙቀት ነው። ላብ የማያልበው ልጅ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ የለውም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ለእንዲህ ያለ ልጅ ይራራል። ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ አበርገሌና ዝቋላ ቆላ ሲወረድ ግን በእኩለ ቀን ከብት የሚጠብቅ ልጅ አደጋ ላይ ነው። በደጋም ቢሆን ብርድ ይመታዋል ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ሊግል ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ የሚያተኩሰው፣ ላብም የማይታይበት ሕፃን ካለ ለጤና ባለሙያው ይህንኑ ተናገሩ። የወባ ምርመራው አይቅር፤ ቆላው ወባ አለበት። ግን ወባ ባልተገኘበት ሁሉ መድኃኒት ብቻ እየሰጡ መመለስ አይበቃም። መድኃኒቱ ጥላ፣ ውኃ፣ ቀላል ልብስና ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ነው። መምህሩም ልጁን በመስኮት አጠገብ እንዲያስቀምጠውና ውኃ እንዳይከለክለው ይነገረው።

ወደ ጥርሱ እንመለስ። ልጁ ምን ይሆናል? የእኛ ምግብ የሚታኘክ ነው፤ ቆሎ፣ የገብስ ቂጣ፣ ድርቆሽ፣ ሥጋ። ጥርስ የሌለው ልጅ ሳያኝክ ይውጣል ወይም ይተወዋል። የከተማችን ስም ያለበት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ ለማድረግ ነው። ይህ ቃል ለእንዲህ ያለው ልጅም ነው። ጥርሱ እስኪሠራ ድረስ ገንፎው፣ በሶው፣ ፍትፍቱ፣ በደንብ የበሰለው ሽሮ፣ የተፈጨው ባቄላና ሽምብራ፣ እንቁላልና ወተት አይጓደሉበት። ቀጭን ሙቅ ብቻ እየጠጣ የሚያድግ ልጅ ይጎዳል።

ንግግርም አለ። ምላስና ከንፈር ከፊት ጥርስ ጋር ካልተገናኙ «ተ»ን፣ «ሰ»ን፣ «ፈ»ን አጥርቶ ማለት ያስቸግራል። በኽምጣናም በአማርኛም ቢናገር ያው ነው። ልጁ ሲያነብ ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁም ማንበብ ይተዋል። አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚቀመጥ ልጅ ስታዩ ሰነፍ ነው አትበሉ።

ሕክምናው ምንድን ነው? ደረጃ በደረጃ እንናገር።

መጀመሪያ ምርመራ ነው። አንድ ልጅ ዓመት ተኩል ሞልቶት አንድም ጥርስ ካላበቀለ፣ ወይም የበቀሉት እንደ ሾህ የሾሉ ከሆኑ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ከዚያም ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከዚያ ወደሚመለከተው የጥርስ ሐኪም ይላካል። በራጅ ሲታይ ድዱ ውስጥ ቡቃያ መኖርና አለመኖሩ ይታወቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ምክራችን ነው፤ ያለችውን ጥርስ አታስነቅሉ። ከላይ የጠቀስናት እናት የሄደችበት አንድ ክሊኒክ «እነዚህ ሁለት ሹል ጥርሶች አስቀያሚ ናቸው፤ ይነቀሉ» ብሏት ነበር። እሷ እንቢ አለች። ደግ አደረገች። የወተት ጥርስ ከሥሩ ተተኪ ከሌለው ልጁ ያለው እሱን ብቻ ነው። በተጨማሪም የመንጋጋ አጥንት ውፍረቱን የሚይዘው ጥርስ ሲኖርበት ነው፤ ጥርስ የሌለበት ቦታ እንደ ቢላ ጠርዝ ይሳሳል፣ በኋላ የሚሠራለትን ሰው ሠራሽ ጥርስም አይዝለትም። ሹሉን ጥርስ ሐኪም በጥርስ መሙያ አልብሶ እንደ ሌላው ጥርስ ሊያስመስለው ይችላል።

ሦስተኛው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ልጁ ልክ ለማስወሰድ አፉን ከፍቶ መቆየት ከቻለ፣ ከሦስት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሊሠራለት ይችላል። ሐኪሙ የድዱን ልክ ይወስዳል፤ በዚያ ልክ ሮዝ ድድና ነጭ ጥርስ ያለው ከፕላስቲክ መሰል ነገር ይሠራል። መጀመሪያ ልጁ ይተፋዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ድዱን ይልጠዋል። ቀን በቀን ለጥቂት ሰዓት እያደረገ ይለምደዋል። ማታ ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ በውኃ ውስጥ ያድራል። ምራቃቸው የሚያንስ ልጆች ሲበሉ ውኃ መጎንጨት አለባቸው።

እዚህ ላይ ለለጋሾቻችን ልዩ ቃል አለን። ልጅ ያድጋል፤ የሚወልቀው ጥርስ ግን አያድግም። በየጊዜው መስተካከል፣ በጥቂት ዓመታትም እንደገና መሠራት አለበት። ልጁ አራት ዓመቱ ላይ ተሠርቶለት፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ ቢረሳ በሰባት ዓመቱ ጥርሱ ከመሶብ ሥር ተጥሎ ይገኛል። ይህ የአንድ ቀን ስጦታ አይደለም፤ ከልጁ ጋር አብሮ የሚያድግ ነገር ነው።

አራተኛው የሚተከል ጥርስ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ደርሶበት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በጎተንበርግ ከተማ መንጋጋው ሲወለድ ጀምሮ ጎዶሎ ለነበረ ሰው የመጀመሪያውን ተከለ። ሰውየው በዚያ ጥርስ ወደ 40 ዓመት ተጠቅሞበታል። ለእኛ ልጆችስ? ብረቱ ከአጥንቱ ጋር ስለሚዋሐድ ከልጁ ጋር አያድግም፤ መንጋጋው ሲያድግ ብረቱ ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የልጁ እድገት እስኪያበቃ ይጠብቃሉ። በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ብቻ፣ ምንም ጥርስ በሌላቸው ልጆች ላይ፣ ቀደም ብሎ የሚሞከርበት ጊዜ አለ። «ለሕፃኑ ዛሬውኑ እንተክልለታለን» የሚል ካለ ሁለተኛ ሐኪም ጠይቁ።

አምስተኛው ገና ከእኛ ሩቅ ነው፤ ግን ተስፋ ስለሆነ እንንገራችሁ። በጀርመን ኤርላንገን የሚገኙ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ሕመም ላለባቸው መንትያ ወንዶች፣ እናታቸው ማኅፀን ውስጥ እያሉ የጎደለውን ንጥረ ነገር በእንሽርት ውኃው ውስጥ ሰጧቸው። ልጆቹ ተወልደው ላብ ማላብ ቻሉ። ውጤቱ በ2018 ታትሟል። በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዓለም ይህን ሕመም «እርግማን» ብሎ እንዳልተወው ያሳያል።

ታዲያ እንቅፋቱ የት ነው? መንገዱና ገንዘቡ ነው። አዲስ አበባ ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ጎንደርም ለእኛ ቅርብ አይደለም። ለልክ አንድ ጊዜ፣ ለመግጠም አንድ ጊዜ፣ ለማስተካከል ሌላ ጊዜ መመላለስ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙዎቻችን እፎይታ ሆኗል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስን ግን ከመነጽርና ለውበት ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ጋር ከማይሸፍናቸው አገልግሎቶች ውስጥ አስገብቶታል። ሽማግሌ ለጌጥ ወርቅ ጥርስ ሲያስገባ ይህ ሊገባን ይችላል። ጥርስ አብቅሎ ለማያውቅ የአራት ዓመት ልጅ ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ ጌጥ አይደለም፤ እንጀራው ነው፣ ፊደሉ ነው። ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ በትሕትና ደግመን እንናገራለን።

እስከዚያው ከእኛ ምን ይጠበቃል? ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን በመንደሩ ጥርስ ያላበቀለ፣ ላብ የማያልበው ልጅ እንዳለ በፍቅር ይጠይቅ። ልጁን ለማየት ሳይሆን እናቱን ወደ ማኅበሩ ለመመለስ። ያቺ እናት ዛሬ ተመልሳ ከመካከላችን ተቀምጣለች።

ሁለተኛ፣ በየቡድናችን ግግ ላለማስወጣት ቃል እንግባ። በዘር የሚመጣውን ማስቀረት አንችል ይሆናል፤ በስለት የሚመጣውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ማስቆም እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ለሕክምና መንገድ የሚውል ቋሚ ቁጠባ ይከፈት። በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አንችልም፤ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ለዓመታት ማስቀመጥ ግን የምናውቀው ሥራ ነው። የእነዚህ ልጆች ሕክምናም የሚፈልገው ልክ ይህንን ነው። ለጋሾቻችንም በዚሁ መንገድ ብትረዱን፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ልጁ እስኪያድግ በየጊዜው ብትደግፉት፣ ሥራው ይጸናል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ይህች እናት ብቻዋን የተሸከመችው ሸክም ነበር። እንካፈለውና ያን ጊዜ ጌጥ ይሁን።